ውሃው ለምን ቀድሞ ይፈላል? በጣርማ በር መንገድ ላይ የምትቆም መኪና ፊዚክስ

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣው አውራ ጎዳና በአገራችን ለመኪና ሞተር ከባድ ፈተና ከሆኑት አቀበቶች አንዱ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም) የፈለፈሉት የጣርማ በር ዋሻ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ሳምንቱን ሸዋ ሮቢት ሲሠራ ሰንብቶ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ወዳለበት ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለስ ሠራተኛ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ ወደ 1,800 ሜትር ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው።

ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ከደብረ ሲና ከተማ በላይ ባሉት ጠመዝማዛዎች ላይ ነው። የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ መስመር ይጠጋል፤ ከኮፈኑ ሥር ነጭ ጭስ የሚመስል ነገር ይወጣል፤ መኪናይቱም ትቆማለች። ወዲያው መንገደኛው፣ እረኛው፣ የሌላ መኪና ረዳት ይሰበሰባል። በአገራችን መንገድ ላይ ለቆመ አሽከርካሪ አጋዥ አይታጣም፤ ይህም የሚያኮራ ባሕል ነው። ችግሩ ያለው ምክሩ ላይ ነው። አንዱ «ክዳኑን ክፈተውና ይተንፍስ» ይላል። ሌላው ጀሪካን ተሸክሞ ይመጣና «ቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ድፋበት» ይላል። ሁለቱም ምክሮች ከቅን ልብ የመነጩ ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሰው ያቃጥላል፣ ሁለተኛው ሞተር ይሰነጥቃል። ከዚህም በላይ የመጀመሪያው ምክር በጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚኖረው ይልቅ በደብረ ብርሃን አካባቢ አደጋው ከእጥፍ በላይ ነው። ይህ ግምት ወይም አባባል ሳይሆን በቀላል ስሌት የሚረጋገጥ ነው፤ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።

መፍላት ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ጀምሮ «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቃላችን ይዘነዋል። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት ባይሆንም ግማሹ ተቆርጧል። የተቆረጠው ግማሽ «በባሕር ጠለል ላይ» የሚለው ነው። ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ ደግሞ ዋናው ነገር ይኸው የተቆረጠው ግማሽ ነው።

ውሃ በየትኛውም የሙቀት መጠን ይተናል፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ የሚደርቀው ሳይፈላ ነው። የሙቀቱ መጠን በጨመረ ቁጥር ከውሃው ለማምለጥ የሚታገሉት ሞለኪውሎች ይበዛሉ፤ የእንፋሎቱም ግፊት ያድጋል። ይህ የእንፋሎት ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር እኩል በሆነ ጊዜ፣ ትነቱ ከገጽ ብቻ መሆኑ ይቀርና በውሃው ውስጥ አረፋ መፈጠር ይችላል። መፍላት የምንለው ይህንን ነው። ስለዚህ ውሃ በምን ያህል ዲግሪ እንደሚፈላ የሚወስነው ውሃው ብቻ ሳይሆን ከላዩ ያለው አየርም ጭምር ነው።

በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ግን ወደ 72 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። በዚህ ግፊት ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። በሸዋ ሮቢት 96 ዲግሪ ገደማ፣ በጣርማ በር ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። በደብረ ብርሃን ንፍሮ የቀቀለ ሰው ሁሉ ይህንን በልምድ ያውቀዋል። እንጨት መጨመር ውሃውን ፈጥኖ ያተነዋል እንጂ ከ91 ዲግሪ በላይ አያሞቀውም፤ ባቄላውም ሳይበስል ይቆያል።

በደፈናው ሲሰላ፣ በእነዚህ ከፍታዎች በየ300 ሜትሩ ሽቅብ በወጣን ቁጥር ውሃ የሚፈላበት የሙቀት መጠን አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የ19ኛው መቶ ዘመን ተጓዦች ይህንን ሕግ የተራራን ከፍታ ለመለካት ይጠቀሙበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር በደረሰበት ዘመን፣ አውሮፕላንም ሳተላይትም አልነበረም። በዚያን ዘመን ከፍታ የሚለካው በባሮሜትር ወይም ውሃ አፍልቶ ቴርሞሜትር በመንከር ነበር። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የተዘዋወረው አንቷን ዳባዲም የአገራችንን ካርታ ለማንሣት በሠራው ሥራ ይህንኑ የፈላ ውሃ ዘዴ ተጠቅሟል። ትክክለኛ ቴርሞሜትር ያለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁሉ ሙከራውን ዛሬም ሊሠራው ይችላል። የደብረ ሲናና የደብረ ብርሃን ተማሪዎች በአንድ ቀን ለክተው ውጤታቸውን ቢለዋወጡ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላል።

የክዳኑ ምሥጢር

አሁን ወደ መኪናችን እንመለስ። የአብዛኞቹ መኪኖች ሞተር በመደበኛ ሁኔታ የሚሠራው የማቀዝቀዣው ውሃ ከ85 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ሆኖ ነው። ውሃው በ91 ዲግሪ የሚፈላ ከሆነ ታዲያ በደብረ ብርሃን የሚነዳ መኪና ሁሉ በየቀኑ መፍላት አልነበረበትምን?

የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ተራ ክዳን ስላልሆነ ነው። ከውስጡ ሞላና የላስቲክ ቀለበት አለው። ሞላው እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል፤ የሚለቀውም ግፊቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብቻ ነው። በብዙ ክዳኖች ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይታያል። 0.9 ማለት ክዳኑ ከውጭው አየር ግፊት በላይ 90 ኪሎ ፓስካል ያህል ይሸከማል ማለት ነው። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 የሠራው የግፊት ድስት በዚሁ መርሕ ይሠራል፤ ድስቱ እንዳይፈነዳ ግፊቱን የሚያስተነፍሰውን ክዳንም የፈለሰፈው እርሱ ነው። በአዳዲስ መኪኖች ይህ ክዳን ከራዲያተሩ ላይ ተነሥቶ በትርፍ ውሃ መያዣው ላይ ይገኝ ይሆናል፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 101 እና 90 ሲደመሩ 191 ኪሎ ፓስካል ይሆናሉ፤ በዚህ ግፊት ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ119 ዲግሪ ገደማ ነው። በደብረ ብርሃን 72 እና 90 ተደምረው 162 ኪሎ ፓስካል ይሆናሉ፤ ውሃውም የሚፈላው በ114 ዲግሪ ገደማ ነው። ልዩነቱ አምስት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ጤነኛ ክዳን ያለው መኪና ከፍታው ብዙም አይሰማውም። ክዳኑ አርጅቶ ሞላው ከላላ ወይም ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ግን ነገሩ ይለወጣል። በባሕር ዳርቻ ያለው አሽከርካሪ እስከ 100 ዲግሪ ድረስ ይታገሥለታል። የደብረ ብርሃኑ ግን ገና በ91 ዲግሪ፣ ማለትም ሞተሩ በጤና በሚሠራበት የሙቀት መጠን ላይ፣ መፍላት ይጀምራል። የተፈጠሩት አረፋዎች በሞተሩ የጋለ ብረትና በውሃው መካከል ይገባሉ፤ እንፋሎት ደግሞ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ሙቀትን በጣም በደካማው ስለሚያስተላልፍ ብረቱ ይበልጥ ይግላል፤ ብረቱ በጋለ ቁጥር አረፋው ይበዛል። በጋራዦች ሞተር ወርዶ፣ ራዲያተር ተፍቆ፣ ፓምፕ ተለውጦ «አሁንም ይሞቃል» ከተባለ በኋላ ጥፋቱ ክዳኑ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በእኔ አስተያየት ደጋ ላይ የሚነዳ ሰው በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ከዕቃው ሁሉ ርካሽ የሆነውን ይህንኑ ክዳን ነው።

ክዳኑ ሲከፈት ምን ይሆናል?

በራዲያተሩና በሞተሩ ውስጥ 8 ሊትር ውሃ አለ እንበል፤ የሙቀቱም መጠን 110 ዲግሪ ደርሷል። ክዳኑ እንደተዘጋ እስካለ ድረስ ይህ ውሃ ገና አልፈላም፤ ግፊቱ አፍኖ ይዞታል። አንድ ሰው በጨርቅ ይዞ ክዳኑን ጠምዝዞ ሲያነሣው ግፊቱ በቅጽበት ከውጭው አየር ጋር እኩል ይሆናል። በዚያች ቅጽበት 110 ዲግሪ የነበረው ውሃ 91 ዲግሪ ላይ መፍላት በሚገባው ሁኔታ ውስጥ ይገኛል። 19 ዲግሪ ትርፍ ሙቀት አለው ማለት ነው።

ይህ ትርፍ የት ይሄዳል? አንድ ኪሎ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4,200 ጁል ያህል ይለቅቃል። በ19 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 80,000 ጁል ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ወደ 2.28 ሚሊዮን ጁል ስለሚያስፈልግ፣ ከውሃው 3.5 በመቶ ያህሉ ወዲያውኑ እንፋሎት ይሆናል። ከ8 ሊትር 280 ግራም ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በደብረ ብርሃን የአየር ግፊት አንድ ኪሎ ግራም እንፋሎት ከ2 ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ይይዛል። 280 ግራሙ ከ600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል፤ ይህም ሦስት ትልልቅ የነዳጅ በርሜል የሚሞላ ነው። ይህ ሁሉ ከሦስት ጣት በማይሰፋ አፍ፣ የፈላውን ውሃ እየገፋ ነው የሚወጣው፤ አቅጣጫውም ክዳኑን የከፈተው ሰው ፊት፣ አንገትና ደረት ነው።

ያንኑ ስሌት ለጅቡቲ እንሥራው። ትርፉ 19 ሳይሆን 10 ዲግሪ ብቻ ነው፤ እንፋሎት የሚሆነው ውሃ ወደ 150 ግራም ይወርዳል፤ በዚያ ያለው አየር ግፊቱ ከፍ ያለ ስለሆነ እንፋሎቱም የሚይዘው ቦታ ያንሳል፤ ድምሩ 250 ሊትር ገደማ ይሆናል። መኪናው አንድ፣ የሙቀቱ መጠን አንድ፣ እንፋሎቱ ግን በደብረ ብርሃን ሁለት ዕጥፍ ተኩል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከራዲያተር አፍ ሲወጣ የሚታየው ነጭ ነገር እንፋሎት አይደለም። እንፋሎት እንደ አየር ሁሉ አይታይም። ነጩ ነገር እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ወደ ጥቃቅን የውሃ ጠብታነት የተመለሰበት ነው። ከሁሉ የሚያቃጥለው በአፉና በነጩ ደመና መካከል ያለው፣ ባዶ የሚመስለው ክፍል ነው። እንፋሎት ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወደ ውሃነት እየተለወጠ ያንን ሁሉ ለመትነን የወሰደውን ኢነርጂ ለቆዳው ያስረክባል፤ ስለዚህም ቃጠሎው እኩል ሙቀት ካለው ውሃ ይከፋል።

ይህ አደጋ በሰው ላይ ከደረሰ የተቃጠለውን ቦታ ወዲያውኑ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ያስፈልጋል። ቀለበት፣ ሰዓትና ቆዳው ላይ ያልተጣበቀ ልብስ ይወልቃል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጭቃ ወይም እንቁላል መቀባት ቁስሉን ያመረቅዛል እንጂ አያድንም። ፊት፣ ዓይን ወይም ሰፊ ቦታ ከተቃጠለ መኪናውን ትቶ ሰውየውን ወደ ሕክምና ማድረስ ነው።

ሙቀቱ ከየት መጣ?

ሰዎቹንና ዕቃውን ጨምሮ 2,000 ኪሎ ግራም የሆነች መኪናን 1,800 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት የሚያስፈልገው ሥራ 35 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ከሚሰጠው ኢነርጂ ጋር ይቀራረባል። ሞተር ግን ከነዳጁ ኢነርጂ በግምት ሲሦውን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣል፤ ሌላው ሲሦ በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ቀሪው ሲሦ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ስለዚህ ከፍታውን ለመውጣት ብቻ ሦስት ሊትር ያህል ይቃጠላል፤ ራዲያተሩም ሌላ 35 ሚሊዮን ጁል ወደ አየር ማስወገድ አለበት። ማስወገድ ባይችል ኖሮ ይህ ሙቀት በደብረ ብርሃን 15 ሊትር የፈላ ውሃን ሙሉ በሙሉ ሊያተን ይችል ነበር፤ በመኪናይቱ ውስጥ ካለው ውሃ ዕጥፍ ገደማ ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ አይደለችምን? ብርዱ ሞተሩን አያድነውምን?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። በከፊል ያድነዋል። ሙቀት የሚተላለፈው በራዲያተሩና በአየሩ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት መጠን ስለሆነ ቀዝቃዛ አየር ይጠቅማል። ነገር ግን አየሩ ሳስቷል፤ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የሚያልፈው እያንዳንዱ ሊትር አየር በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ የቀለለ ነው፤ የሚሸከመውም ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። ሞተሩም የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ፣ ቱርቦ ከሌለው ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ አሽከርካሪው በዝቅተኛ ማርሽ ነዳጅ እየረገጠ በዝግታ ይወጣል። ዝግታው ደግሞ ከፊት የሚመጣውን ነፋስ ያሳጣዋል። ከኋላ የሚነፍስ ነፋስ ካለ ጭራሹን ይብሳል። ዓርብ ከሰዓት ከሸዋ ሮቢት ቆላ ሙቀት የተነሣ መኪና ወደ ቀዝቃዛው አየር ሳይደርስ ሞተሩ ግሎ የሚገኘው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ቀስቱ ከመደበኛ ቦታው ማለፍ ሲጀምር ገና ጊዜ አለ። አየር ማቀዝቀዣ ካለ ይጥፋ። መስኮቶች ይከፈቱና የመኪናው ውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይከፈት። ተሳፋሪው ቢያጉረመርምም ማሞቂያው በውስጡ የሞተሩ ውሃ የሚያልፍበት ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ሙቀት ይቀንሳል። ቀስቱ ቀይ ከነካ ግን መቆም ግድ ነው። ውሃ የማይፈስና ቺንጊያው ያልተበጠሰ ከሆነ ሞተሩን ሳያጠፉ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት እንዲሠራ መተው ይሻላል፤ ፓምፑና ቬንቲላተሩ ሥራቸውን ይቀጥላሉና። ውሃ የሚንዠቀዠቅ፣ ቺንጊያው የተበጠሰ ወይም ቀስቱ አልወርድ ያለ ከሆነ ወዲያው ማጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ይመረጣል አንድ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። የላይኛው የራዲያተር ጎማ ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ ለስልሶ የማያቃጥል እስኪሆን ድረስ ክዳኑ አይነካም። ከቀዘቀዘም በኋላ በወፍራም ጨርቅ ተይዞ፣ ፊት ዞር ተደርጎ፣ መጀመሪያ ሩብ ዙር ብቻ ተጠምዝዞ «እሽ» የሚለው ድምፅ እስኪያቆም ይጠበቃል።

የጀሪካኑ ቀዝቃዛ ውሃስ? በብዙ መኪኖች የሞተሩ የታችኛው አካል ከብረት፣ ባለሙያዎች ቴስታታ የሚሉት የላይኛው ክፍል ደግሞ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት ዕጥፍ ያህል ይለጠጣል። ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው ቴስታታ ከመደበኛው በ100 ዲግሪ ቢግል ከሥሩ ካለው ብረት በ0.6 ሚሊ ሜትር ያህል በልጦ መርዘም ይፈልጋል፤ ብሎኖቹ ግን ጠፍረውታል። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ባለ ብረት ላይ የምንጭ ውሃ ሲደፋበት አንዱ ጎን በድንገት ይኮማተራል፤ ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ በመካከል ያለው ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል። ውሃ መጨመር የሚገባው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በቀጭኑ እየተጨመረ ሞተሩ ቢነሣ ደግሞ ይመረጣል።

የሚጨመረው ውሃ የወንዝ ወይም የቦኖ ውሃ ከሆነ ለዚያ ቀን ያደርሳል እንጂ መቅረት የለበትም። ብዙ አሽከርካሪዎች «አንቲፍሪዝ የበረዶ አገር ዕቃ ነው» ይላሉ። እኔም ትምህርቴን በተከታተልሁበት ብርዳማ አገር አንቲፍሪዝ የሚሸጠው ውሃው በክረምት እንዳይረጋ ተብሎ ነበር። ነገር ግን ግማሽ ለግማሽ የተደባለቀ አንቲፍሪዝ በባሕር ጠለል ላይ ያለ ምንም ግፊት በ107 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ ዝገትንም ይከላከላል። ከፍታ የሚነጥቀንን ሰባት ዲግሪ የሚመልስልን ይህ ፈሳሽ ለእኛ አገር ደጋ ከውርጩ ይልቅ ለአቀበቱ ያስፈልጋል። መርዝ ስለሆነ ግን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ አይገባም፤ ጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑ ሕፃናት ይጠጡታል።

እስኪቀዘቅዝ በሚጠበቅበት ሰዓት መኪናይቱ ራስዋ አደጋ ናት። በዋሻው ውስጥና በኩርባ ላይ ከመቆም ይልቅ፣ ትንሽም ቢሆን መጎተት ከተቻለ ቀጥ ያለ ቦታ ላይ መድረስ ይበልጣል። በጣርማ በር ጉም በድንገት ይወርዳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና አሽከርካሪው እስኪደነግጥ ባለው አንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ ብቻ 25 ሜትር ይጓዛል። መንገዱ እርጥብና ቁልቁለት ከሆነ ለመቆም ከ70 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሦስት ማዕዘን ምልክቱ፣ ምልክት ከሌለም ቅጠሉ፣ ከመኪናው ጥግ ሳይሆን ከ100 ሜትር ባላነሰ ርቀት፣ ከኩርባው በፊት መቀመጥ አለበት። ከጎማ ሥር የተደረገውን ድንጋይ ሲሄዱ ማንሣትን በተመለከተ ምንም ፊዚክስ መጥቀስ አያሻኝም፤ በሌሊት በሌላው ሰው ጎማ ሥር የሚገኘው ያ ድንጋይ ነውና።

ቤታቸው ታች ለሆነ

እስካሁን የተነጋገርነው ቤቱ ላይ ስለሆነ ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ሲሠራ ውሎ ማታ ወደ አንኮበር፣ ወደ ጎረቤላ የሚገባ ሰው ግን 40 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ተጉዞ በመጨረሻ የሚጠብቀው ቁልቁለት ነው። የዓርቡ ተጓዣችንም ሰኞ ጠዋት በጣርማ በር ቁልቁል ወደ ሥራው ይወርዳል። ሲወጣ ያከማቸው 35 ሚሊዮን ጁል ሲወርድ የግድ አንድ ቦታ መሄድ አለበት።

አሽከርካሪው ማርሽ አውጥቶ በፍሬን ብቻ ቢወርድ ይህ ሁሉ ወደ ፍሬኑ ብረት ይገባል። የአራቱ ጎማ ፍሬን ብረት በድምሩ 40 ኪሎ ግራም ነው ብንልና ወደ አየር የሚያመልጥ ሙቀት ባይኖር፣ ብረቱ ወደ 1,900 ዲግሪ ይሞቅ ነበር። ብረት በ1,538 ዲግሪ ይቀልጣል። እውነተኛ ፍሬን የማይቀልጠው አየሩ እየቀዘቀዘው ስለሆነ ነው፤ ነገር ግን ስሌቱ ፍሬን ብቻውን ምን ያህል እንደተሸከመ ያሳየናል። በዝቅተኛ ማርሽ ሲወረድ ግን ጎማው ሞተሩን ያሽከረክራል፤ ሞተሩም አየር የሚስብና የሚያምቅ ፓምፕ ሆኖ ኢነርጂውን በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ያስወግዳል። «ማርሽ ማውጣት ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው ወሬም ለዘመኑ መኪኖች አይሠራም። በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነዳጅ የሚረጭ ሞተር፣ ማርሽ ገብቶ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወርድ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ ማርሹ ከወጣ ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፤ የፍሬኑ አጋዥ ጉልበትና የመሪው ቅለት አብረው ይጠፋሉ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዚህ መንገድ ላይም እየታዩ ነው። እነዚህ ሲወርዱ ሞተራቸው ጄኔሬተር ሆኖ ከኢነርጂው አብዛኛውን ወደ ባትሪ ይመልሳል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ባትሪውን እስከ 100 በመቶ ሞልቶ ወዲያው ቁልቁለቱን የጀመረ ሰው ባትሪው መቀበል ስለማይችል ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል። ለመውረድ ጥቂት ጎደሎ ማድረግ ይበጃል።

በቁልቁለቱም ላይ የሚገጥመን ጠላት ያው መፍላት ነው፤ የሚፈላው ግን የፍሬን ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት በቧንቧ ውስጥ የእግራችንን ግፊት ወደ ጎማ የሚያደርሰው ፈሳሽ ስለማይታመቅ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም። ነገር ግን ከአየር እርጥበት እየጠጣ ይሄዳል። ከ4 በመቶ ያነሰ ውሃ እንኳ ሲገባበት ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል፤ በረጅም ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ደግሞ እዚህ መድረስ አያቅተውም። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ይታመቃል፤ ፔዳሉም ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይገባል። በዚያን ጊዜ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽ አንድ በአንድ መቀነስ፣ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ በቀስ መሳብ ያስፈልጋል፤ የእጅ ፍሬን በብዙ መኪኖች በሽቦ ስለሚሠራ መፍላት አይነካውም። መኪናው ከቆመ በኋላ በጋለው ብረት ላይ ውሃ አይደፋም፤ ይሰነጠቃልና።

ግማሽ ሰዓት ያህል ከቀዘቀዘ በኋላ አረፋው ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፤ ፔዳሉም እንደ ጥንቱ ይጠነክራል። ብዙ አሽከርካሪዎች በዚህ ጊዜ «ተስተካክሏል» ብለው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ዘይቱ ውስጥ የገባው ውሃ ግን የትም አልሄደም፤ በሚቀጥለው ቁልቁለት ቀድሞ በፈላበት የሙቀት መጠን እንደገና ይፈላል። የፍሬን ዘይት ጎደሎውን እየሞሉ የሚኖሩበት ሳይሆን፣ ባይጎድልም ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ተቀድቶ የሚለወጥ ፈሳሽ ነው።